ተጨማሪ መረጃ፦ ከመረጃው ጋር የሚረዝምና የሚያጥር የሴል መስመር

የአንድ ክፍል የተማሪዎች ዝርዝር 38 ረድፍ፣ የሌላው 61 ረድፍ ሊሆን ይችላል። መስመሩን በእጅ ካሰመርን ስም በተጨመረ ወይም በተሰረዘ ቁጥር እንደገና ማስተካከል ግድ ይለናል። በማይክሮሶፍት ኤክሴል ግን ይህን ሥራ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ» ይሠራልናል።

1. ከኤ2 ጀምራችሁ እስከ ኢ200 ያሉትን ሴሎች ምረጡ።
2. «ሆም» ላይ «ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ»ን፣ ቀጥሎም «ኒው ሩል»ን ክፈቱ። ከዝርዝሩ የመጨረሻውን፣ በፎርሙላ የሚሠራውን አማራጭ ምረጡ።
3. በሳጥኑ ውስጥ =$ኤ2<>"" ብላችሁ ጻፉ። ኤ በላቲን ፊደል ይገባል።
4. «ፎርማት»ን፣ ከዚያ «ቦርደር»ን ከፍታችሁ «አውትላይን»ን ምረጡና «ኦኬ» በሉ።

ፎርሙላው የሚለው «የስም ዓምዱ (ኤ) ባዶ ካልሆነ አስምር» ነው። የዶላር ምልክቱ ዓምዱን ስለሚቆልፈው፣ ውጤት ገና ያልተሞላባቸው ሴሎችም ስም እስካለ ድረስ ይሰመራሉ። ከ2 በፊት ግን የዶላር ምልክት አይግባ፤ ከገባ ሁሉም ረድፎች የሚመሩት በሁለተኛው ረድፍ ብቻ ይሆናል።

ልብ በሉ፦ ባዶ በሚመስል የስም ሴል ውስጥ አንዲት የስፔስ ምልክት ካለች መስመሩ ይወጣል። በዚህ መንገድ ወፍራም መስመር ማስመር አይቻልም። በጉግል ሺትስ ደግሞ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ቀለምና የፊደል ቅርጽ እንጂ መስመር አይቀይርም።