አንድ ስኪ፣ ስድስት ኳሶች

የውሃ ስኪ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሁለት እግሩን በሁለት ስኪ ላይ ተክሎ በሞተር ጀልባ የሚጎተት ሰው ነው። ስፖርቱን የምር የያዙት ግን አንደኛውን ስኪ ከጣሉት ቆይተዋል። በአንድ ጠባብ ስኪ ላይ ሁለቱን እግሮቻቸውን ፊትና ኋላ አድርገው፣ ከጀልባው ጀርባ ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ ይከንፋሉ። ስላሎም ይባላል። ሲያዩት የጉልበት ሥራ ይመስላል፤ ሲማሩት ግን ዋናው ፈተና ጉልበትን ሰብስቦ መጠበቅ ነው።

ይህን በራሱ ላይ ፈትኖ ያወቀው ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የአሜሪካ ሚኒሶታ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የ18 ዓመቱ ራልፍ፣ ሰው በረዶ ላይ ከተንሸራተተ ውሃ ላይ ምን ይከለክለዋል ብሎ ተነሣ። የሚሲሲፒ ወንዝ ሰፍቶ በሚፈጥረው በፔፒን ሐይቅ ላይ ወንድሙ ጀልባ እየነዳለት የበርሜል ጣውላ ሞከረ፤ ሰመጠ። የበረዶ ስኪ ሞከረ፤ አሁንም ሰመጠ። በኋላ 2 ሜትር ከ40 ገደማ የሚረዝሙ ሁለት የጥድ ሳንቃዎች ገዛና ጫፋቸውን በእናቱ የመዳብ ድስት ቀቅሎ ወደ ላይ ቆለመማቸው። በእነሱም ቢሆን ደጋግሞ ወድቋል። ጁላይ 2 ቀን የተሳካለት፣ ውሃው ውስጥ ወደ ኋላ ጋለል ብሎ፣ የስኪዎቹን ጫፍ ከውሃ በላይ አውጥቶ ጀልባውን ሲጠብቅ ነው። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበም። በ1925 ፍሬድ ዋለር የተባለ ሰው የራሱን ስኪ አስመዘገበ፤ ሳሙኤልሰንም ለአሥርት ዓመታት ተረስቶ ኖረ። የአሜሪካ የውሃ ስኪ ማኅበር የስፖርቱ አባት ብሎ ያወቀው በ1966 ነው።

ዛሬም ትምህርቱ ከዚያው ይጀምራል። ጀማሪ በሁለት ስኪ ሳይደላደል ወደ አንድ አይሻገርም። በሁለቱ እየሄደ አንዱን እግር ጥቂት ከፍ ማድረግ ይለማመዳል፤ ሚዛኑን ይበልጥ የጠበቀለት እግር በስላሎም የፊት እግሩ ይሆናል። ከዚያ ሌላውን ስኪ ያወልቅና ነጻ የወጣውን እግር ውሃ እያስነካ ከኋላው ያስከትለዋል። ሲረጋጋ ከኋላ ባለው ማስገቢያ ቀስ አድርጎ ይከተዋል። ይህን ሲያደርግ ዓይኑ ጀልባው ላይ መሆን አለበት፤ ወደ እግሩ ያጎነበሰ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል።

ከባዱ ነገር ከጥልቅ ውሃ በአንድ ስኪ መነሣት ነው። ተማሪው ላይፍ ጃኬቱ ይዞት ይንሳፈፋል፤ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ተሰብስቧል፣ ክንዶቹ ተዘርግተዋል፣ የስኪው ጫፍ ከውሃው ብቅ ብሏል። ነጂው ገመዱን ቀስ ብሎ ይወጥራል። ተማሪው ሲዘጋጅ «ሂድ!» ይላል። በዚህች ቅጽበት ጡንቻ ያለው ሰው ሁልጊዜ የሚሠራው ስህተት አለ፦ መያዣውን ወደ ደረቱ ይስባል፣ እግሩንም ዘርግቶ ለመቆም ይጣደፋል። ያን ጊዜ ስኪው ውሃውን እንደ ግድግዳ ይገፋል፤ ጀልባው ያሸንፋል፣ መያዣው ከእጁ ይመነጨቃል፣ አፍንጫውም በውሃ ይሞላል። ተሰብስቦ የቆየው ግን ፍጥነቱ ሲጨምር ስኪው ራሱ ከሥሩ ተነሥቶ ሲሸከመው ያየዋል። ያን ጊዜ መቆም ቀላል ነው። አንድ ስኪ ውሃው ላይ የሚያርፍበት ስፋት ከሁለት ስኪ ስለሚያንስ እስኪነሣ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ትዕግሥቱ የሚያልቀውም እዚያች ላይ ነው።

ውድድሩ ሌላ ዓለም ነው። መስመሩ 259 ሜትር ይረዝማል። ጀልባው መሐሉን ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ስኪ ነጂው ግን ከመሐል መስመር 11.5 ሜትር ርቀው በግራና በቀኝ የሚንሳፈፉትን ስድስት ኳሶች በውጭ በኩል መዞር አለበት። በወንዶች ከፍተኛው የጀልባ ፍጥነት በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሁሉም ነገር በ16 ሰከንድ ያበቃል። ስድስቱንም የዞረ ሽልማቱ ከባድ ሥራ ነው፦ ፍጥነቱ ጣሪያው እስኪደርስ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ገመዱ ከ18.25 ሜትር ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ያጥርበታል። እኔን የሚያስደንቀኝ 11.25 ሜትር ላይ ሲደርስ የሚሆነው ነው። ገመዱ ከኳሱ ርቀት አጠረ ማለት ነው። የጎደለውን የሚሞላው የስኪ ነጂው አካል ነው፤ ውሃውን በትከሻው ሊነካ እስኪቃረብ ተጋድሞ ስኪውን ከኳሱ ባሻገር ያሳልፋል። አሜሪካዊው ኔት ስሚዝን የመሳሰሉት ቁንጮዎች የሚታገሉት በ9.75 ሜትር ገመድ ነው።

ጀማሪ ወደ ኳሶቹ አይቸኩል። መጀመሪያ ጀልባው ከኋላው የሚተወውን ሞገድ በስኪው ጠርዝ መሻገር ይልመድ።

ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ግዛት ነው፤ ሳሙኤልሰን የተለማመደባት ሌክ ሲቲም ከሚኒያፖሊስ በመኪና ከሁለት ሰዓት በታች ትርቃለች። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ሊሞክሩት ያሰቡ፣ ዋና የማይችሉ ከሆነ መጀመሪያ ዋና ይማሩ። ላይፍ ጃኬት ሳያስሩ፣ ከነጂው ሌላ እርስዎን ብቻ የሚመለከት ሰው ጀልባው ላይ ሳይኖር አይጀምሩ። ከእሱ ጋርም ምልክቱን አስቀድመው ይስማሙ፦ አውራ ጣት ወደ ላይ «ፍጥነት ጨምር»፣ ወደ ታች «ቀንስ»፤ ከወደቁ በኋላ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ተያይዞ ሲነሣ «ደህና ነኝ» ነው። ይህን ካላየ ጀልባው ሳይዘገይ ወደ እርስዎ ይመለስ።