ልጆች ለአባት ወይም ለእናት ስለ ማድላታቸው

«ወንድ ልጅ ወደ እናቱ፥ ሴት ልጅ ወደ አባቷ ታደላለች» የሚሉ አሉ። ሌሎችም «ወንዱ የአባቱ፥ ሴቲቱ የእናቷ ናት» ይላሉ። ሁለቱ አነጋገሮች እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑ ነገሩን መመርመር ይገባል።

በአዳማ፥ በሞጆና በመተሐራ ዙሪያ ባለው ገጠር ወንዱ ከአባቱ ጋራ ከብት ሲጠብቅ፥ ሴቲቱ ከእናቷ ጋራ ውሃ ስትቀዳ ይውላሉ፤ እያንዳንዱም አብሮት ወደሚውለው ይጠጋል። በከተማው ግን አባት በከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ሲመላለስ ወንዱም ሴቲቱም ወደ እናት ይጠጋሉ። እንግዲህ ፍቅርን የሚያጸናው ጾታ ሳይሆን አብሮ መዋል ነው።

ሻፈርና ኤመርሰን የተባሉ ሊቃውንትም በስኮትላንድ አገር በግላስጎው ከተማ 60 ሕፃናትን ተከታትለው፥ ሕፃን አጥብቆ የሚወደው ሲያለቅስ ፈጥኖ የሚደርስለትንና የሚያጫውተውን ሰው መሆኑን በ1964 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ «አባትህን ትወዳለህ ወይስ እናትህን?» እያላችሁ ሕፃኑን አታስጨንቁት፤ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን የከዳ ይመስለዋልና። እናንተም ሽማግሎች፥ ባልና ሚስት ሲለያዩ «ወንዱ ለአባት፥ ሴቲቱ ለእናት» ብላችሁ ልጆችን እንደ ከብት አታከፋፍሉ፤ እኅትን ከወንድም መለየት በኀዘን ላይ ኀዘን መጨመር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጽ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። አባትም ከመንገድ ሲመለስ ለወንዱም ለሴቲቱም ጊዜውን ይስጥ፤ ያን ጊዜ ፍቅራቸውን ያገኛል።