ሱስ አንጎላችንን ምን ያደርገዋል? ከጫት እስከ እንቅልፍ ኪኒን

ቱሉ ዲምቱ እ.ኤ.አ በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ በመሆኗ፣ ወደ መድኃኒት ቤታችን ጎራ ከሚሉት መካከል ሾፌሮች ብዙ ናቸው። ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄም «እህቴ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ የሚያስተኛ ኪኒን ስጪኝ» የሚል ነው። «ጫት ቅመሃል?» ስንል «ለመንገድ ያህል» ይሉናል። ለመንቃት ይቅማሉ፣ ለመተኛት ኪኒን ይፈልጋሉ፣ ጠዋት ደብቷቸው ስለሚነሱ ደግሞ ይቅማሉ። ይህ አዙሪት ከየት እንደሚመጣ እንመልከት።

የዶፓሚን ሥራ

የአንጎላችን ነርቮች የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ዶፓሚን ነው። ርቦን ስንበላ፣ ጠምቶን ስንጠጣ ይመነጭና አንጎልን «ይህ ጠቃሚ ነው፣ ድገመው» ብሎ ያስተምራል። እ.ኤ.አ በ1954 ኦልድስ እና ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ውስጥ የአይጦችን አንጎል በቀጭን ሽቦ የሚያነቃቃ መሣሪያ ሠርተው፣ መጫኛውን ለአይጦቹ ለራሳቸው ተዉላቸው። አይጦቹም ያለመታከት ደጋግመው ተጫኑት። ሱስ አስያዥ ነገሮች ሁሉ በየፊናቸው የሚነካኩት ይህንኑ ሥርዓት ነው።

በለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከአምፌታሚን ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ ዶፓሚን ከነርቮች በብዛት እንዲወጣና ቶሎ እንዳይመለስ ያደርጋል። ምርቃና የምንለው ይህ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ቃሚው ሁልጊዜ ትኩሱን ይፈልጋል።

ሐራራ

አንጎል ሚዛኑን መጠበቅ ይወዳል። ዶፓሚን በየቀኑ ሲያጥለቀልቀው መልእክቱን የሚቀበሉበትን በሮች ይቀንሳል። ያኔ ምግቡም፣ የልጆች ጨዋታም ጣዕም ያጣል። ሰውየው ከእንግዲህ የሚቅመው ለመደሰት ሳይሆን እንደ ወትሮው ሰው ለመሆን ብቻ ነው።

አንጎል ሰዓቱንና ቦታውንም ይመዘግባል። ረመዷንን አስተውሉ። ዓመቱን ሙሉ ከቀትር በኋላ ሐራራ የሚያስጨንቀው ሰው በጾሙ ቀን ይታገሣል፤ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ግን ሐራራው ሰዓቱን ቀይሮ ከኢፍጣር በኋላ ይመጣል። ይህ የሚያሳየው ሐራራ በከፊል የተማርነው ልማድ መሆኑን ነው። የተማርነውን ደግሞ ቀስ በቀስ መርሳት ይቻላል።

በመሪው ላይ

ሾፌር ወንድሞቼ፣ ጫት ድካምን አያጠፋም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ያልተከፈለው የእንቅልፍ ዕዳ እየተጠራቀመ ይሄድና የጫቱ ኃይል ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ያ ሰዓት መሪ ላይ ካገኛችሁ ውጤቱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የኪኒኑ አደጋ

ምርቃናውን ለማብረድ አንዳንዱ በመጠጥ ይጨብሳል፤ መጠጥ የማይነካው ደግሞ «ይህ መድኃኒት ነው» ብሎ ወደ ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል ይሄዳል። ዲያዜፓም ነርቮችን ያረጋጋል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ ራሱ ሱስ ይሆናል። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሲበዛ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሰጥም ስንላችሁ ክፋት አይደለም።

ምን ይደረግ?

1. ጫት ያቆመ ሰው ለቀናት ድካም፣ ድብርትና ቅዠት ሊሰማው ይችላል። ይህ የአንጎል ማገገም እንጂ ሕመም መጨመር አይደለም፤ ያልፋል። ሙሉ ለሙሉ ለማገገም ግን ወራት ሊፈጅ ስለሚችል አትቸኩሉ።
2. የመቃሚያ ሰዓታችሁን ባዶ አትተዉት። መቃሚያ ቦታውን ራቁ፤ ሰዓቱን በሥራ፣ በእግር ጉዞ ወይም በቤተሰብ ሙሉት።
3. ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። በተለይ ዲያዜፓም በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊልኳችሁ ይችላሉ።
4. እናቶችና ሚስቶች፣ የልጃችሁን ወይም የባላችሁን ኪስ ኪኒን ስታገኙ አትጩኹ። ኪኒኑን ይዛችሁ ወደ መድኃኒት ባለሙያ ኑና ምንነቱን ጠይቁ። ያፈረ ሰው ይደብቃል፤ የደበቀ ሰው ደግሞ አይታከምም።

አላህ ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን።