ያረጀውን ፈረስ ማን ያበላዋል?

የመካነ ሰላም ገበያ ተበትኖ ሰዉ ወደየቀዬው ሲያመራ፣ አንዳንድ ጊዜ ጌታ የሌለው ፈረስ መንገድ ዳር ቆሞ ይታያል። ጀርባው ገጣባ ነው፤ የጎኑ አጥንት ይቆጠራል፤ ዝንብ ወሮታል። የሚያባርረው የለም፤ የሚያስጠጋውም የለም። ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ስሙን አይጠራም። ሲመሽ ጅብ ይመጣል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

አንድ ቀን ከመድረሳ ስንወጣ ከተማሪዎቻችን አንዱ እንዲህ ያለ ፈረስ አይቶ፣ «ኡስታዝ፣ ይኼስ ከሶ ይሆን?» ሲል ጠየቀን። ማንን ነው የሚከሰው ብንለው፣ «ባለቤቱን ነዋ! ግመሉ ከሶ የለም እንዴ?» አለን።

ልጁ የጠቀሰው በዚያው ሳምንት ያስተማርነውን ሐዲስ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ወደ አንዱ የአትክልት ቦታ ሲገቡ አንድ ግመል አይቷቸው አነባ። ቀርበው ከጆሮው ኋላ ዳበሱት። ከዚያም ባለቤቱን አስጠርተው፣ ግመሉ ጌታው እንደሚያስርበውና በሥራ እንደሚያደክመው ስሞታ እንዳቀረበ ነገሩት። በኢማም ማሊክ ሙወጠእ ውስጥም ነቢዩ የፈረሳቸውን ፊት በልብሳቸው ሲጠርጉ እንደታዩና ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ስለ ፈረሶች ጉዳይ ሌሊት ወቀሳ እንደደረሳቸው መናገራቸው ተዘግቧል።

ለልጁ ቶሎ መልስ አልሰጠነውም። የእኛም ቤት ታሪክ አለበትና። በልጅነታችን ገብስ ከደጋ፣ ማሽላ ከቆላ የሚያመላልስ ዳማ አጋሰስ ነበረን። ጥርሱ አልቆ ገብሱ ከአፉ መርገፍ በጀመረበት ዓመት፣ አንድ ምሽት አጎታችን ፈረሱን እየሳቡ ወንዝ ተሻገሩ። ሲመለሱ በእጃቸው ገመዱ ብቻ ነበር። «ዳማስ የት አለ?» ብንላቸው «ሄደ» አሉን፤ ዒሻቸውን ሰግደው ተኙ። አጎታችን ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ለየቲም የሚያዝኑ፣ ዘካቸውን የማያጓድሉ ሰው ነበሩ።

ታዲያ ደግ ሰው ይህን ለምን ያደርጋል? በሬ ሲያረጅ ይደልባል፤ ለሥጋ ይሸጣል፤ ቆዳው እንኳ ዋጋ አለው። የፈረስ ሥጋ ግን በአገራችን አይበላም (ዑለማዎች በጉዳዩ መለያየታቸው ሌላ ነገር ነው)። ስለዚህ መሥራት ያቆመ ፈረስ ለባለቤቱ የሚመገብ አፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በለጋምቦም ሆነ በአምባ ፈሪት ዙሪያ ባሉ ደጋዎች በልግ የቀረ ዓመት ለላሚቱ ጭድ ሲጠፋ፣ ለሽማግሌ ፈረስ ከየት ይመጣል? አራጁም የሚያርደው አይደለም፤ ገዢም የለው። ወንዝ ማዶ ይለቀቃል።

ነገሩን የሚያሳዝነው ደግሞ እኛ ወሎዬዎች በፈረስ የምንኮራ ሕዝብ መሆናችን ነው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኞች የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ሲያጠቁ የዋሉትን ታሪክ ልጆቻችን ያውቁታል። ራስ ሚካኤል «አባ ሻንቆ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰውን በፈረሱ ስም እስከመጥራት የደረስን ሰዎች ፈረሱን ግን ለጅብ እንተወዋለን!

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል 8ኛ አንቀጽ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጓጓዣና ለጌጥ እንደፈጠረልን ይነግረናል። ለጥቅማችን የተፈጠረ ነገር ሐቅ የለውም ማለት ግን አይደለም። ፉቀሃዎች የእንስሳ ቀለብ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን ጽፈዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ፣ ባለቤቱ አልቀልብም ካለ ቃዲው እንዲቀልብ ወይም እንዲሸጥ ያስገድደዋል ብለዋል። ኸሊፋ ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ በግብፅ ግመሎች እስከ 1,000 ረጥል እንደሚጫኑ ሲሰሙ፣ ከ600 ረጥል በላይ እንዳይጫን ለአገረ ገዢያቸው እንደጻፉ ተዘግቧል። ይህ እንግዲህ የዛሬ 1,300 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀን ግን የደማስቆው መስክ ነው። የሶሪያው ምሁር ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ «ሚን ረዋኢዕ ሐዳረቲና» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ «አል-መርጅ አል-አኽደር»፣ ማለትም ስለ አረንጓዴው መስክ ይነግሩናል። በእሳቸው ዘመን የከተማው ስታዲየም የቆመበት ይህ ቦታ ቀድሞ ወቅፍ ነበር። ለማን ቢሉ፣ ከሥራ ውጪ ሆነው ባለቤቶቻቸው መቀለብ ለተዉአቸው ፈረሶችና ሌሎች እንስሳት! እንስሶቹ አጀላቸው እስኪደርስ በዚያ ሣር ይግጡ ነበር። የፈረስ መጦሪያ ማለት ይኸው ነው። ነገሩን ከአውሮፓ የመጣ ቅንጦት አድርገን ስንስቅበት የኖርን ሰዎች እንደገና ልናስብ ይገባናል።

በርግጥ ዛሬ በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው አውሮፓውያን ናቸው። ኤሊዛቤት ስቬንድሰን የተባሉ እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር የአህዮች መጠለያ መሠረቱ። በሲድመዝ ያለው እርሻ ያረጁና የተጎዱ አህዮች ሐኪም እያያቸው ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በአገራችንም ሥራ ጀምሮ፣ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ጋር ለጋማ ከብት ነፃ ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ልብ በሉ! እዚህ የተሠራው እንደ ሲድመዝ አጥር አጥሮ መጦር አይደለም። ወደ 10 ሚሊዮን አህያና ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ ባለበት አገር ሁሉን የሚያስጠልል ግቢ አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሞቹ ገበሬው ካለበት ሄደው የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ቁስል ያጥባሉ፣ ሰኮና ይከረክማሉ፣ የጭነት አያያዝ ያስተምራሉ። በአንጻሩ በዚያችው በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 ነዋሪው ተቃውሞት ተዘጋ።

እኛ ቦረና ላይ ምን እንችላለን? አብዛኛው ገጣባ የሚመጣው ከኮርቻው ነው። ጭነቱ የጀርባውን አጥንት ሲጫነው ቆዳው ይሞታል። ስለዚህ ምንጣፉ በግራና በቀኝ ወፈር ብሎ መሐሉ ክፍት ሆኖ ቢሰፋ አጥንቱ ይተርፋል። የቆሰለውን በንጹሕ ለብ ያለ የጨው ውኃ ማጠብና እስኪድን አለመጫን ነው እንጂ፣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ወይም በብረት መተኮስ ቁስሉን ያብሳል። ጥርሱ ያለቀ ፈረስም የሚከሳው ምግብ ጠልቶ ሳይሆን ማኘክ አቅቶት ነው፤ ፉርሽካ በውኃ ቢርስለት ይበላል። ይህን በልጅነታችን ብናውቅ ኖሮ ዳማ ጥቂት ዓመት በሰነበተ ነበር። ለመጦሪያው ደግሞ ቅሬ አለን። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ለቅሶ የሚሸከም ቅሬ፣ ከክልክሉ ሣር አንዲት ጥግ ለደከሙ እንስሳት ወቅፍ ለማድረግ የሚከለክለው ምንድን ነው?

ያን ፈረስ እኛና ተማሪዎቹ እየሳብን ወደ መድረሳው ግቢ አስገባነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ ቁስሉን አጠበለት፤ ልጆቹ በተራ ሣር አጨዱ። ከወላጆች መካከል «ልጆቻችንን ቁርኣን ሊያስቀሩልን ነው ወይስ ፈረስ ሊያስጠብቁልን?» ያሉም ነበሩ። በዐሥረኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጥተው ከአጥሩ ውጪ ለረዥም ጊዜ ቆሙ። ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። አንድ እስር የገብስ ጭድ በአጥሩ ላይ አሻግረው አቀበሉንና ሄዱ። ፈረሱ ግን ድምፃቸውን ሲሰማ ጆሮውን አቁሞ ነበር።

ፈረሱ ከእኛ ጋር 23 ቀን ኖረ። የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ ከዙህር በኋላ ነው። ያ ተማሪ ራሱን ደግፎት ነበር።