ስለ ዋጋ የተሰጠ የጽሑፍ ቃል ነጋዴውን እንደሚያስገድድ

ንግድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው። ገዢው ከሱቅ ገብቶ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶና ዋጋውን ጠይቆ በሚገዛበት ጊዜ ሻጩን ለመመዘን ይችላል። ከቤቱ ሳይወጣ በኢንተርኔት አስቤዛ የሚያዝ ገዢ ግን በመደብሩ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ስለማያይ፣ የሚመራው ነጋዴው በጽሑፍ ባሰፈረው ቃል ነው። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያስገድድ፣ በአሜሪካ አገር በሴፍዌይ ኩባንያ ላይ የቀረበው ክስ በግልጽ ያስረዳል።

ሴፍዌይ በካሊፎርኒያና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር ብዙ የምግብ መደብሮች ያሉት ኩባንያ ነው። ደንበኞች በድረ ገጹ ያዘዙትን ዕቃ ሠራተኞቹ ከመደብሩ መደርደሪያ እየለቀሙ ወደየቤታቸው ይልኩላቸው ነበር፤ የማድረሻውም ሒሳብ ለብቻው ይከፈል ነበር። ደንበኛው ሲመዘገብ በተቀበለው የውል ጽሑፍ ላይ፣ በድረ ገጹ የሚታየው ዋጋ ግምት እንደ ሆነና እውነተኛው ሒሳብ ዕቃው በሚላክበት ቀን እንደሚታወቅ ተጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ በመደብሩ ዋጋ ላይ ጭማሪ እያደረገ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ዕቃ አስወደደ።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ደንበኛ ስለ ራሱና ስለ ሌሎች ገዢዎች ሁሉ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። በአንድ ትእዛዝ ላይ ጥቂት ዶላር የተጨመረበት ሰው ብቻውን ቢከስ ለጠበቃ የሚያወጣው ገንዘብ ከጉዳቱ ይበልጣል። ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚከሱበት የቡድን ክስ የሚባለው ሥርዐት የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን በሁለት ከፍሎ ተመለከተው። ገዢዎች ተሳስተዋል የሚለው አቤቱታ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን አይቶ እንደ ገዛ ማጣራት ስለሚያስፈልገው፣ በቡድን እንዲታይ አልተፈቀደም። ውል ፈርሷል የሚለው ግን የሁሉም ውል አንድ ዐይነት ስለ ነበረ ተፈቀደ። ዳኛው ጆን ታይጋር እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጡት ውሳኔ፣ ጽሑፉ ለገዢው ቃል የገባለት ተለይተው ከተገለጹት ክፍያዎች በቀር በመደብሩ ዋጋ እንደሚሸጥለት ነው ብለው ኩባንያውን ጥፋተኛ አደረጉ።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ዋጋው ከመደብሩ ሊለይ እንደሚችል በውሉ ላይ ጨምሮ ነበር፤ የቀድሞ ደንበኞችም ግዢያቸውን በመቀጠላቸው አዲሱን ውል እንደ ተቀበሉ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን፣ ውሉ መለወጡ ያልተነገረው ገዢ አስቤዛ ባዘዘ ቁጥር ጽሑፉን እንደ ገና የመመርመር ግዴታ የለበትም በማለት ክርክሩን አልተቀበለም። ካሳው ወደ 31 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ፤ ወለድም ተጨመረበት። የይግባኙም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርዱን አጸናው።

ከዚህ ፍርድ የሚገኘው ትምህርት፣ በኢንተርኔት ከመደብሩ አስወድዶ መሸጥ ክልክል ነው የሚል አይደለም። ዕቃ ለመልቀም፣ ለማሸግና ለማድረስ ወጪ አለ፤ ነጋዴውም ወጪውን በዋጋው ላይ ለመጨመር ይችላል። ጥፋቱ አንድ ዋጋ ቃል ገብቶ ሌላ ዋጋ ማስከፈሉ ነው።

የኢትዮጵያም ሕግ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686፣ ነጋዴው ያዘጋጀው ጠቅላላ የንግድ ውል ሌላው ወገን ዐውቆ ካልተቀበለው በቀር፣ ወይም በመንግሥት ካልታዘዘ ወይም ካልጸደቀ በቀር እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል።

ስለዚህ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት ትእዛዝ የሚቀበል ባለሱቅ፣ ዋጋው ከሱቁ የሚለይ ከሆነ ገዢው ከመክፈሉ በፊት በግልጽ ሊነግረው፣ ውሉንም ሲለውጥ ለቀድሞ ደንበኞቹ ለየራሳቸው ሊያስታውቅ ይገባዋል። በየትእዛዙ የሚገኘው ጥቂት ሳንቲም ተጠራቅሞ በፍርድ ቤት በተጠየቀ ጊዜ፣ ከትርፉ ይልቅ ዕዳው ይከብዳል።