እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፤ ፒያኖና የግሸን ዐሥር ዓመት

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መነኩሲት፣ የፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። ምንኩስናቸው የጀመረው ግን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ ግሸን ማርያም ላይ ነው። በውጭ አገር የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ስማቸው ከብዙ ኢትዮጵያውያን የሙዚቃ ሰዎች ይልቅ ይታወቃል። ወደ ግሸን በየዓመቱ ከሚወጣው ምእመን ግን ስንቱ ያውቃቸዋል?

የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በጎንደርም በአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኅታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ በኢትዮጵያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ጋር ስዊዘርላንድ ተልከው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም እዚያ ተማሩ። ከተመለሱ በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተምረዋል። በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ቤተሰቡን ማርኮ መጀመሪያ ወደ አዚናራ ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው መርኮሊያኖ አጋዛቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መምህሩም ኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን የሙዚቃ ጓድ መርቷል። ከዚያ ለንደን በሚገኘው የንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ የመማር ዕድል ተገኘ፤ መውጫ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። ወጣቷ እህል ትተው ቡና ብቻ እየጠጡ ለቀናት ሰንብተው ሆስፒታል ገቡ። ሞትን አጠገባቸው ባዩ ጊዜ የጠየቁት ቅዱስ ቁርባን ነበር። ሲያገግሙ ፒያኖውን ትተው፣ ከቤተሰብ ተደብቀው፣ ቀደም ሲል ከእናታቸው ጋር ወደተሳለሙት ወደ ግሸን ወጡ።

ግሸን ዙሪያው ገደል የሆነ፣ ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን ግማደ መስቀል ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዚህ አምባ አኖሩት፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚተመውም ለዚህ ነው። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአሕመድ ግራኝ ጦር እስኪያጠፋው ድረስ፣ የነገሥታቱ ወንድ ልጆች በግዞት የሚጠበቁበት ስፍራ ነበር። በአካባቢው ሌላው ዝነኛ ገዳም ሐይቅ እስጢፋኖስ ለሴት ዝግ ነው፤ ግሸን ግን ሴት ይቀበላል። የተከለከለ ትምህርታቸውን አልቅሰው የወጡት ሴት በ21 ዓመታቸው መንኩሰው ጽጌ ማርያም የተባሉት እዚህ ነው። በጭቃ ጎጆ፣ ጫማ አውልቀው፣ በባዶ እግር ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

ስለ እማሆይ የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሙዚቃቸውን በተራራ ላይ፣ በገዳም ጸጥታ የተወለደ አድርገው ያቀርቡታል፤ የሰማ ሁሉ መነኩሲቷ ገደል አፋፍ ላይ ፒያኖ ሲጫወቱ ይታየዋል። ግሸን ላይ ፒያኖ አልነበረም። ለዐሥር ዓመት የነበረው ጸሎት፣ ጾምና ስግደት ነው። እማሆይ ወደ አምባው የወጡት ሙዚቃን ሊፈልጉ ሳይሆን ሊተዉ ነበር፤ ትተውም ነበር። ይህን ዘሎ ማለፍ የከፈሉትን ዋጋ መሰረዝ ነው። ገና በልጅነቱ ጣቱን በልምምድ ያፍታታ፣ ለንደንን የተመኘ ሰው ዐሥር ዓመት ቁልፍ ሳይነካ መኖሩ ለቪዲዮ ማጀቢያ የሚሆን የተራራ ውበት አይደለም።

ከአምባው ወርደው አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ጎንደር ሄዱ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ወደ ሙዚቃቸው የገባበትን በር የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። በጎንደር ዜማውን ብቻ አላዩም። ቁራሽ ለምነው የሚያድሩ፣ ቤት ስለሌላቸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚተኙ የቆሎ ተማሪዎች አዩ። ገንዘብ አልነበራቸውምና የሚሰጡት ያው ሙዚቃው ሆነ። በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያው ሸክላ ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች መርጃ ታሰበ። ተከታዮቹ ሸክላዎችም በዚያው ዓላማ ወጡ።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ጃዝ ወይም ብሉዝ ማለት ነው። በጃዝ ተጫዋቾቹ የሚጋሩት ምት አለ፤ የሚወጡትም የሚመለሱትም ወደዚያ ነው። በእማሆይ ሥራዎች ግን ሐረጉ የሚረዝመውና የሚያጥረው እንደ ዜመኛ ትንፋሽ ነው፤ ቀኝ እጃቸው አንዱን ድምፅ ሳይለቅ ዙሪያውን ያርገበግበዋል፤ ግራው ደግሞ አንዳንዴ ከስዊዘርላንድ የመጣ ቫልስ ይመስላል። ድምፆቹ የሚመረጡት ከባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸው የወሎ ቦታ ነው፤ አንዱም እማሆይ የመነኮሱበት አገር ነው። የአምባሰል ቅኝት ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ይሆናል። በዶና በሬ ቢሞል፣ በሶልና በላ ቢሞል መካከል ያለው ጠባብ ርቀት ነው ያንን የሚቆረቁር ድምፅ የሚሰጠው። በድምፃዊቷ በማሪቱ ለገሰ ጉሮሮ አምባሰልን የሰማ ሰው እማሆይን ለመረዳት ኒው ኦርሊንስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ቅኝቶቹን ለማያውቅ ፈረንጅ ጃዝ ቢመስለው አይፈረድበትም። የአገራችን አቅራቢዎች ግን ይህንኑ ሲደግሙ መስማት ያሳዝናል።

በ1984 እ.ኤ.አ. እናታቸው ካረፉ በኋላ ኢየሩሳሌም ገብተው፣ በኢትዮጵያውያን ገዳም በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ኖሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ስብስብ 21ኛ ቅጹን በ2006 እ.ኤ.አ. ለእርሳቸው ሲሰጥ እማሆይ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ዓለም ያወቃቸውም ያኔ ነው። ወደ ዘጠናኛ ዓመታቸው ሲቃረቡ እስራኤላዊቷ ፒያኒስት ማያ ዱኒየትስ ኖታቸውን አሰናድታ ለኅትመት አበቃች፤ ሙዚቃቸውን ሌላ ሰው አንብቦ መጫወት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ካረፉ በኋላ በ2024 እ.ኤ.አ. «ሱቬኒርስ» የተባለ አልበም ወጣ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ በቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው በካሴት የቀዷቸው ዘፈኖች ናቸው፤ በሸክላዎቹ ላይ ፒያኖአቸውን ብቻ የሰማ ሰው እዚህ እማሆይ በአማርኛ ሲያዜሙ ይሰማል።