በመርከብ ካፕስታን ላይ የገመድ አያያዝ፦ የሰበቃ ሚናና የገመድ ዓይነት መለወጥ ያስከተለው ችግር

አንድ መርከብ ወደብ ገብቶ በሚታሰርበት ጊዜ፣ ከአሥር ቶን ክብደት ጋር የሚስተካከል ውጥረት ያለበትን ገመድ ጫፍ አንድ ሠራተኛ በእጁ ብቻ ይዞ ሊታይ ይችላል። ገመዱ ከሠራተኛው እጅ ከመድረሱ በፊት ቀጥ ብሎ በቆመና በሚሽከረከር የብረት በርሜል ላይ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተጠምጥሟል። ይህ መሣሪያ ካፕስታን ይባላል። ስለ ካፕስታን ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የመጎተት ኃይሉ ነው። ይሁን እንጂ ከኃይሉ ይልቅ ከባዱ የምሕንድስና ጥያቄ ከበርሜሉ ጋር ያልታሰረ ገመድ ሳይንሸራተት የሚያዘው እንዴት ነው የሚለው ነው። ጥያቄው ጥንታዊ ቢመስልም የመርከብ ገመዶች የሚሠሩበት ቁስ በመለወጡ ምክንያት ዛሬ እንደገና ተነሥቷል።

ካፕስታን ከዊንድላስ የሚለየው በዋናነት በዘንጉ አቅጣጫ ነው፤ የካፕስታን ዘንግ ወደ ላይ የቆመ ሲሆን የዊንድላስ ግን አግድም የተጋደመ ነው። ቀጥ ያለው ዘንግ ገመድን ከየትኛውም አቅጣጫ ለመቀበል ያስችላል። በሸራ መርከቦች ዘመን ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። ከበርሜሉ ራስ ላይ ዙሪያውን ረጃጅም የእንጨት ዘንጎች ይሰኩና ብዙ ሰዎች ደረታቸውን አስደግፈው እየገፉ ይዞራሉ። በበርሜሉ ሥር የተተከሉት ማገጃ ጥርሶች በርሜሉ ወደ ኋላ እንዳይዞር ይከለክላሉ። ጥርሶቹ ከተሰበሩ ግን የመልሕቁ ክብደት በርሜሉን በተቃራኒው ያሽከረክረውና ዘንጎቹ የሚገፏቸውን ሰዎች መትተው ይጥላሉ፤ በዚህ አደጋ ብዙ መርከበኞች ተጎድተዋል፣ ሞተዋልም።

እ.ኤ.አ. በ1765 ወደ ውኃ የወረደው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክቶሪ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የመልሕቁ ገመድ ዙሪያው ወደ 61 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ስለ ነበር በበርሜሉ ላይ ለመጠምጠም እጅግ ወፍራምና ደረቅ ነበረ። ስለዚህ ሁለት ጫፎቹ የተጋጠሙ፣ «መልእክተኛ» የሚባል ቀጠን ያለ ገመድ በካፕስታኑ ላይ ይጠመጠማል፤ የመልሕቁ ገመድ ደግሞ ከመልእክተኛው ጋር በአጫጭር ማሰሪያዎች እየተያያዘ አብሮ ይጎተታል። ማሰሪያዎቹ ከማከማቻው አፍ ሲደርሱ ተፈትተው፣ እንደገና ለመታሰር በሩጫ ወደ መርከቡ ፊት ይመለሳሉ። ከመቶ በላይ ሰዎች በዘንጎቹ ላይ ተሰልፈው ሲገፉ፣ የሥራው ሁሉ መሳካት የሚወሰነው መልእክተኛው በርሜሉን በሚይዝባቸው ጥቂት ዙሮች ነበር።

የእነዚህ ዙሮች ምስጢር ሰበቃ ነው። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእርሱም በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ ዮሐን አይተልቫይን ያብራሩት ሕግ በቃላት ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ በጭነቱ በኩል ያለው ውጥረት በእጅ በተያዘው ጫፍ ካለው ውጥረት ጋር ያለው ጥምርታ፣ 2.718 በሰበቃ መጣኔና በመጠምጠሚያው ዘዌ ብዜት ሲረባ ከሚገኘው ቁጥር አይበልጥም፤ ከበለጠ ገመዱ ይንሸራተታል። ዘዌው በራዲያን ይለካል። በሕጉ ውስጥ የበርሜሉ ውፍረት ፈጽሞ አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል። ትልቅ በርሜል ገመዱን በጥብቅ እንዳይታጠፍና ቶሎ እንዳያረጅ ይጠቅመዋል እንጂ የበለጠ አይዘውም።

የሰበቃው መጣኔ 0.25፣ ጭነቱም 100 ኪሎ ኒውተን ነው እንበል። በአንድ ዙር ሠራተኛው መያዝ ያለበት ወደ 21 ኪሎ ኒውተን ነው። በሁለት ዙር ወደ 4.3፣ በሦስት ዙር ወደ 0.9፣ በአራት ዙር ደግሞ ወደ 0.19 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። የመጨረሻው 19 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ዕቃ እንደ መያዝ ነው። እያንዳንዱ ዙር የሚቀንሰው የተወሰነ መጠን ሳይሆን ከቀረው ላይ በተመሳሳይ እጅ እያካፈለ ነው።

እንዲህ ከሆነ ዙሮቹን ዝም ብሎ ማብዛት ለምን አይበቃም? ምክንያቱም ገመዱ በበርሜሉ ላይ ይጓዛል። ጭነቱን የሚጎትተው ክፍል ከታች ስለሚገባ በርሜሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ጥምጥሙ በአንድ የገመድ ውፍረት ልክ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ ሲደርስም ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። በሸራ መርከቦች ላይ ሥራው እየቆመ፣ ገመዱ እየላላ ጥምጥሙ ወደ ላይ መነሣት ነበረበት። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የ1741 ሽልማቱን ለተሻለ የካፕስታን አሠራር መስጠቱ ጉዳዩ ምን ያህል ያስጨንቅ እንደ ነበር ያሳያል፤ ሽልማቱን ከተካፈሉት መካከል ዮሐን በርኑሊ ዳግማዊና የፓዱዋው ጆቫኒ ፖሌኒ ይገኛሉ።

በርሜሉ ወገቡ ቀጠን፣ ሥሩ ሰፋ ተደርጎ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ሰፊው ሥር የወረደው ዙር በራሱ ውጥረት ተገፍቶ ወደ ጠባቡ ወገብ ይመለሳል። ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ቅራኔ አለ፦ ገመዱ በዙሪያው አቅጣጫ እንዳይንሸራተት፣ በቁመቱ አቅጣጫ ግን እንዲንሸራተት ይፈለጋል። በበርሜሉ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ጉብታ ዘርፎች ለዚህ የተገኙ ብልህ መፍትሔ ናቸው፤ የመጀመሪያውን መንሸራተት ይቃወማሉ፣ ሁለተኛውን ግን ብዙም አያግዱም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ሰንሰለት የመልሕቅ ገመድን ሲተካ፣ ቀለበቶቹ ጎድጓዳ ቦታ ባለው ጎማ ውስጥ ገብተው ስለሚያዙ መልሕቅ የማንሣቱ ሥራ ከሰበቃ ነጻ ወጣ። የመርከብ ማሰሪያ ገመዶች ግን በሰበቃ ሕግ ሥር ቀሩ። ዛሬ በብዙ መርከቦች ላይ ከሚሠራባቸው መካከል ከፍተኛ ጥንካሬ ካለው ፖሊኢትሊን የሚሠሩት ይገኙባቸዋል። ክብደታቸው ከተመሳሳይ ጥንካሬ የብረት ገመድ በብዙ ያነሰ ስለ ሆነ የሠራተኛውን ድካም በእጅጉ ቀንሰዋል። ይሁንና ተንሸራታች ናቸው። የሰበቃው መጣኔ ከ0.25 ወደ 0.1 ቢወርድ፣ በዚያው በአራት ዙር በእጅ መያዝ ያለበት 0.19 ሳይሆን 8.1 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ከ800 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። የቀድሞውን አያያዝ ለማግኘት 10 ዙር ያስፈልጋል፤ በተለመደው በርሜል ላይ ግን ለዚያ የሚበቃ ቦታ አይገኝም። ጥንካሬው ብቻ ታይቶ የተመረጠ ገመድ ከካፕስታኑ ጋር ላይስማማ የሚችለው እንግዲህ መጣኔው ከአርቢው ላይ ስለሚገኝ ነው።

በተጨማሪም ገመዱ በበርሜሉ ላይ ሲንሸራተት ይሞቃል፤ ፖሊኢትሊን ደግሞ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል። የተዳከመ ገመድ በውጥረት ላይ ሳለ ከተበጠሰ ጫፉ ተመልሶ በመንገዱ ያገኘውን ሰው ይገድላል። በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የማሰሪያ መሣሪያዎችን አመራረጥ፣ ምርመራና ጥገና የሚመለከት የተሻሻለ ደንብ ከጥር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። በባሕር ዳር ሠልጥነው በውጭ መርከቦች ላይ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የመርከብ መሐንዲሶችም ይህ የዕለት ሥራ ነው፤ የመርከቡን ወለል መሣሪያዎች መጠገን በሞተር ክፍሉ ኀላፊነት ሥር ይወድቃልና። የበርሜሉን ገጽ ሲመረምሩ የሚገጥማቸው ምርጫ ቀላል አይደለም፦ በብረት ገመድ የተፋቀና የሻከረ ገጽ አዲሱን ገመድ ይቆርጠዋል፤ ተሞርዶ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ገጽ ደግሞ አይዘውም። ብዙ አምራቾች ገመዱን በፖሊኤስተር ሽፋን የሚያለብሱት በከፊል ለዚህ ነው፤ ሽፋኑ ሲያልቅ ግን መጣኔው ወደ ነበረበት ይመለሳል።